ከጓሮ የወጣ ወደ ጓሮ ይመለስ፤ የብስባሽ ማዳበሪያ ታሪክ በመቱና በኢሉባቦር ከተሞች

መግቢያ

የማኅበራችን ዓመታዊ መጽሔት አዘጋጆች ስለ ብስባሽ ማዳበሪያ አሠራርና አጠቃቀም አንድ ታሪካዊ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ በጠየቁኝ ጊዜ፣ በመጀመሪያ ያሰብኩት አሠራሩን ደረጃ በደረጃ የሚያስረዳ መመሪያ መጻፍ ነበር። ዳሩ ግን የመመሪያ እጥረት የለብንም። ጉድጓዱ ምን ያህል እንደሚጠልቅ፣ ንጣፉም ምን ያህል እንደሚወፍር የሚናገር ጽሑፍ በየግብርና ጽሕፈት ቤቱ መደርደሪያ ላይ ሞልቷል። የጎደለን፣ ይህ ዕውቀት በኢሉባቦር ምድር በማን እጅ ተጠብቆ እንደ ኖረ፣ ከየት ወዲህስ እንደ ተቋረጠ የሚያስረዳ ታሪክ ነው።

ጽሑፉ የሚከራከርለት አሳብ አንድ ነው። ብስባሽ ማዳበሪያ ወደ መቱና ወደ አካባቢዋ በዘመቻ የገባ አዲስ ነገር አይደለም። በጓሮ የኖረ፣ ከተሞች እያደጉ ሲሄዱ የላላ፣ እኛ ባለሙያዎችም ባለቤቶቹን ሳንጠይቅ በሌላ አገር ልክ ሰፍተን ልናለብሳቸው የሞከርነው አሮጌ ልማድ ነው። ስለዚህ ታሪኩን መመርመር ያለፈውን ከማወቅ ባሻገር፣ ነገ በየቀበሌው ለምንሰጠው ምክር መሠረት የሚሆን ጉዳይ ነው።

ስለ ቃሉና ስለ ነገሩ

የአማርኛ ቋንቋ በዚህ ረገድ ድኻ አይደለም። የከብቱ እበት፣ የጋማ ከብቱ ፋንድያ፣ የበግና የፍየሉ በጠጥ፣ እበቱ ደርቆ ለማገዶ ሲሆን ኩበት፣ በበረት ውስጥ ከሽንትና ከጉዝጓዝ ጋር ተረግጦ ሲበሰብስ ፍግ ይባላል። ለእያንዳንዱ ስም የሰጠው ሕዝብ የእያንዳንዱን ጠባይ ያውቅ እንደ ነበር ጥርጥር የለውም። «ኮምፖስት» የሚለው የባዕድ ቃል ግን ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ትርጉም ይዞ መጣ፤ ይኸውም ደረቁን ከእርጥቡ፣ ቅጠሉን ከእበቱ በመጠን አደባልቆ፣ አየርና ውኃ ሳይጎድልበት በረቂቃን ተሕዋስያን ኃይል እንዲበስል የተደረገ ማዳበሪያ ማለት ነው። በዚህ ጽሑፍ «ብስባሽ» የምለው ይህንኑ ነው።

የሥራው ምሥጢር በአጭሩ ይህ ነው። ተሕዋስያኑ ለኃይል ካርቦን፣ ለአካላቸው ግንባታ ናይትሮጅን ይሻሉ። ደረቅ አገዳና ገለባ በካርቦን፣ እርጥብ ቅጠልና እበት በናይትሮጅን የበለጸጉ ናቸው። ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ለአንድ እጅ ናይትሮጅን ሲሆን ክምሩ ፈጥኖ ይሞቃል፤ ሙቀቱ ከ55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ለጥቂት ቀናት ከቆየም የአረም ዘርና ብዙዎቹ የበሽታ ተሕዋስያን ይሞታሉ። ውኃ ከበዛበት አየር ይታፈናል፤ አየር ከታፈነ ክምሩ በመብሰል ፈንታ ይሸታል፤ ናይትሮጅኑም በከንቱ ይባክናል። አንባቢ ይህን የመጨረሻውን ነጥብ በልቡ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

አገሩና አፈሩ

መቱ በሶር ወንዝ አጠገብ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። ጎሬ ከእርሷ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ርቃ፣ ከ2000 ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። በጎሬ በዓመት የሚወርደው ዝናብ ወደ 2000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ በመሆኑ፣ አካባቢው በአገራችን እጅግ ዝናባማ ከሆኑት አንዱ ነው። ዝናቡ ከመጋቢት መጨረሻ ወይም ከሚያዝያ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ ብዙም ሳያቋርጥ ይዘልቃል።

ከሩቅ የመጣ ሰው ይህን ሁሉ ልምላሜ ሲያይ «ይህ አፈር ማዳበሪያ ምን ያደርግለታል?» ቢል አይፈረድበትም። እውነቱ ግን ሌላ ነው። የማያባራው ዝናብ ካልሲየሙንና ማግኒዥየሙን ከአፈሩ እያጠበ ስለሚወስድ፣ ቀዩ አፈር ኮምጣጣ ሆኗል። በኮምጣጣ አፈር ውስጥ ብረትና አሉሚኒየም ፎስፎረስን አጥብቀው ስለሚይዙት፣ ንጥረ ነገሩ በአፈር ውስጥ እያለ ሥር አያገኘውም። የደኑን ልምላሜ የያዘው ከአፈሩ በላይ ያለው ስስ የብስባሽ ንጣፍ ነው። ዋንዛው፣ ብሳናው፣ ሰሳው በየዓመቱ ቅጠሉን ያራግፋል፤ ቅጠሉ በጥላ ሥር በእርጥበት ይበሰብሳል፤ ቡናውም ከዚያው ይመገባል። እ.ኤ.አ. በ2010 ዩኔስኮ በዓለም የሕይወታዊ ክልሎች መዝገብ ያሰፈረው የያዩ የቡና ደን ይህ ዑደት ያለ ሰው እጅ ሲሠራ የሚታይበት ስፍራ ነው። ደኑ በተመነጠረበት ቦታ ግን ያ ንጣፍ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ታጥቦና ተቃጥሎ ያልቃል፤ በቆሎው መቀጨጭ ይጀምራል። የኢሉባቦር ገበሬ አፈሩን መመገብ ያለበት ለዚህ ነው።

የጓሮው ሥርዓት

በኢሉባቦር የሚኖረው የኦሮሞ ገበሬ ይህን ችግር ከየትኛውም የምርምር ጣቢያ አስቀድሞ አውቆት፣ ሁለት መፍትሔ አበጅቶለት ነበር። አንደኛው የሚንቀሳቀስ በረት ነው። ከብቶቹ የሚያድሩበትን አጥር በማሳው ላይ ያቆመዋል፤ መሬቱ እበትና ሽንት ሲጠግብ አጥሩን ነቅሎ ወደሚቀጥለው ቦታ ያዛውረዋል። በዚህ ዘዴ እበቱን መሸከም የለም፤ ከብቱ ራሱ ተሸክሞ በቦታው ያደርሰዋል። ከሁሉ በላይ፣ በእበት ብቻ ቢሆን የሚቀረው ሽንትም አብሮ ወደ አፈሩ ይገባል። የገንዲ በሽታ ከብት እንዳይረባ ባደረገባቸው የቆላ ሸለቆዎች ግን ይህ ልማድ ሊስፋፋ አልቻለም።

ሁለተኛው መፍትሔ የቤት ጓሮ ነው። የምድጃው አመድ፣ የቤቱ ጥራጊ፣ የጥጃና የበግ ማደሪያው ጉዝጓዝ፣ የአሻሮና የእህሉ ገለባ፣ የጎመኑና የሙዙ ቅርፊት ሁሉ ከቤቱ ጀርባ ይጣላል። በዚያ ጎመን፣ ጎደሬ፣ አንጮቴ፣ ቦዬ፣ ዱባና እንሰት ይተከላል። ጎመን በቤት አጠገብ ለምለም የሚሆነው ስለ ቅርበቱ ብቻ ሳይሆን ስለ ቀለቡም ነው። ይህን ሥራ ቀን በቀን የሚያከናውኑት ባለቤትዋና ልጆችዋ በመሆናቸው በማንኛውም የእርሻ ስታትስቲክስ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። አባወራው ስለ ማሳው ሲጠየቅ፣ ጓሮው ሳይጠየቅ ይታለፋል።

በዚህ ላይ አንድ ትልቅ ልዩነት መታወቅ አለበት። በሰሜኑ ደጋ፣ ዛፍ በመመናመኑ ምክንያት እበት ኩበት ሆኖ ወደ ምድጃ ይገባል፤ አፈሩም ድርሻውን ያጣል። በኢሉባቦር ግን እንጨት ስለ ነበረ እበት ለምድር ተረፈ። እንግዲህ የኢሉባቦር የጓሮ ለምነት በደኑ መኖር ላይ የቆመ ነበር ማለት ነው። ደኑ ሲመናመን የሚጎዳው የዱር አራዊትና የቡናው ጥላ ብቻ አይደለም፤ እበቱም ቀስ በቀስ ከጓሮ ወደ ምድጃ መንገዱን ይጀምራል።

ከተሞቹና የተከፈተው ዑደት

በጓሮ የሚወጣው ሁሉ በጓሮ እስከ ተበላ ድረስ ዑደቱ ዝግ ነው። ከተማና ንግድ ሲመጡ ግን ዑደቱ ይከፈታል። በኢሉባቦር ይህ የሆነው በጎሬ በኩል ነው።

ጎሬ የራስ ተሰማ ናደው የአስተዳደር መቀመጫ በነበረችበት ዘመን፣ በ1894 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተደረገው የድንበር ስምምነት መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር በጋምቤላ የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ተፈቀደ። ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ከሱዳን እስከ ጋምቤላ ይደርሱ ነበር። ከደጋው ቡና፣ ሰምና ቆዳ በበቅሎና በሰው ጫንቃ ወረደ፤ በምትኩ ጨውና ጨርቅ ወጣ። ጎሬም የግሪክ፣ የአርመን፣ የሶርያና የሕንድ ነጋዴዎች የሚኖሩባት፣ የውጭ ቆንስላ ያለባት ከተማ ሆነች። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ በጠላት እጅ ከወደቀች በኋላ ለጥቂት ወራት የነጻው መንግሥት መቀመጫ የሆነችውም ይህችው ጎሬ ነበረች። ከጊዜ በኋላ የጋምቤላ መንገድ ተዳከመ፤ ንግዱ በበደሌና በጅማ በኩል ወደ አዲስ አበባ ዞረ፤ የአስተዳደሩም መቀመጫ ወደ መቱ ተዛወረ።

ይህ ሁሉ ለአፈር ታሪክ ምን ይጠቅማል ያሉን እንደ ሆነ፣ መልሱ በአንድ ጆንያ ቡና ውስጥ ይገኛል። ጀንፈል ቡና በሚቀሸርበት ጊዜ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ገለፈት ነው። እሸት ቡና በሚታጠብበት ጊዜም ከክብደቱ 40 በመቶ ያህሉ ሥጋና ልጣጭ ሆኖ ይወጣል። ገለፈቱም ሆነ ልጣጩ በፖታሲየም የበለጸገ፣ ናይትሮጅንም ያለበት የአፈር ሀብት ነው። ገበሬው ቡናውን በሙቀጫ በቤቱ በሚፈለፍልበት ጊዜ ገለፈቱ በደጁ ይቀር ነበር። የመቀሸሪያ መኪና በከተማ ሲተከል ግን ጀንፈሉ እንዳለ ወደ ከተማ ተጫነ። ፍሬው ወደ ባሕር ማዶ ሄደ፤ ገለፈቱ በመኪናው ጀርባ እንደ ተራራ ተከመረ፤ ከፊሉ ተቃጠለ፤ ከፊሉ በዝናብ እየታጠበ ወደ ጅረት ወረደ። የመታጠቢያ ጣቢያዎች ሲስፋፉም ልጣጩና አሲዳማ ውኃው የወንዞች ጠንቅ ሆነ። ሶር ወደ ገባ ይገባል፤ ገባ ከብርብር ጋር ተገናኝቶ ባሮን ይሠራል። በዚህ መንገድ የኢሉባቦር የደን አፈር በየዓመቱ በሁለት በር ይወጣል፤ በጆንያ ወደ ገበያ፣ በውኃ ወደ ባሮ።

የከረጢት ማዳበሪያ

በአገራችን የፋብሪካ ማዳበሪያ በሰፊው መታወቅ የጀመረው በ1950ዎቹ መጨረሻ በተካሄዱት የማሳ ሠርቶ ማሳያዎች፣ ቀጥሎም በ1960 ዓ.ም. በተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅትና ከእርሱ በኋላ በተከተሉት የወላይታና የሌሎች አካባቢዎች ፕሮጀክቶች አማካይነት ነው። ዳፕና ዩሪያ የሚባሉት ሁለት ስሞች በገበሬው አፍ የገቡት ያን ጊዜ ነው። ውጤቱ በዓይን የሚታይ ስለ ነበር ሙያችን በዚህ ተማረከ። እኛም በትምህርት ቤት የአፈር ለምነት ማለት የሦስት ንጥረ ነገሮች ሒሳብ ነው ብለን ተማርን፤ ፍግ በመማሪያ መጽሐፋችን ውስጥ ከአንድ ገጽ አይበልጥም ነበር።

ነገር ግን ከረጢቱ ከሩቅ የሚመጣ ነው። በ1966 ዓ.ም. የነዳጅ ዋጋ በዓለም በናረ ጊዜ የማዳበሪያም ዋጋ አብሮ ናረ። የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ገበሬውን ከጭሰኝነት ቢያላቅቀውም፣ ማዳበሪያን በተመለከተ ግን ከወደብ ጠባቂነት አላወጣውም። ይኸው ትምህርት በ2014 ዓ.ም. እንደገና ተደገመ፤ የዩክሬን ጦርነት የዓለምን የማዳበሪያ ገበያ ሲያናጋ የዋጋው ጭማሪ እስከ መቱ ገበያ ተሰማ። በኮምጣጣው አፈር ላይ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ኖራ ወይም ብስባሽ ሳይታከል የሚጨመረው ፎስፎረስ አብዛኛው በአሉሚኒየምና በብረት ስለሚታሰር፣ ገበሬው ከከፈለው ዋጋ የሚያገኘው ጥቂቱን ነው። ብስባሽ በአንጻሩ ጎጂውን አሉሚኒየም ይይዛል፤ ፎስፎረሱን ለሥሩ ያስለቅቃል፤ አፈሩም ውኃ የመያዝ ኃይሉ ይጨምራል።

በዚሁ ዘመን መካከል፣ በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በተካሄደው ሰፈራ፣ በድርቅ ከተጎዱት የሰሜን አካባቢዎች ብዙ ቤተሰቦች ወደ ኢሉባቦር መጡ። እነርሱ የለመዱት ዝናብ የሚያጥረውን ምድር ነበር፤ ያገኙት ዝናብ የሚያጥበውን ምድር ሆነ። ከዚያው ጊዜ ጀምሮ በአካባቢው የሠራው ሰዎች ለሰዎች ድርጅት፣ ዛሬ በመቱ ሆስፒታል ላይ የመሥራቹ የካርል ስም የሚጠራለት፣ ከጤናውና ከትምህርቱ ሥራ ጎን ለጎን የችግኝና የአትክልት ልማትን አስተዋውቋል። ካሮት፣ ቀይ ሥርና ጥቅል ጎመን በመቱ ዙሪያ ጓሮዎች ከጎደሬው ጋር ጎረቤት መሆናቸው ለብስባሽ አዲስ ፈላጊ አስገኘለት፤ እነዚህ ተክሎች ልልና ለም መደብ ካላገኙ አይሆንላቸውምና።

ከኢንዶር እስከ ትግራይ

ብስባሽ በሳይንስ መልክ ለዓለም የቀረበው በሕንድ አገር ነው። አልበርት ሐዋርድ የተባለው እንግሊዛዊ የዕፅዋት ሊቅ እ.ኤ.አ. ከ1924 እስከ 1931 በኢንዶር ከተማ ባቋቋመው ተቋም፣ የሕንድንና የቻይናን ገበሬዎች ልማድ አጥንቶ «የኢንዶር ዘዴ» የተባለውን አሠራር አወጣ። የዕፅዋት ተረፈ ምርት፣ እበት፣ በሽንት የራሰ አፈርና አመድ እየተደራረበ፣ በየጊዜው እየተገላበጠ በሦስት ወር ገደማ ይደርሳል። ዘዴው በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በኬንያ የቡና እርሻዎችም ተሞክሮ ተወደደ። ሐዋርድ ስለ ራሱ ሥራ ሲናገር አስተማሪዎቼ ገበሬዎቹ ናቸው ማለቱን አላፈረበትም።

በአገራችን ይህን ዘዴ ለገበሬው እንዲደርስ በማድረግ ረገድ ትልቁን ድርሻ የያዙት ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ ናቸው። በመሠረቱት የዘላቂ ልማት ተቋም አማካይነት፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ከትግራይ ግብርና ቢሮ ጋር በመሆን በጥቂት የገጠር ማኅበረሰቦች ሥራውን ጀመሩ። ከ2000 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. ከገበሬዎች ማሳ የተሰበሰበው መረጃ እንዳሳየው፣ ብስባሽ የተደረገበት ማሳ ምንም ካልተደረገበት እጥፍ ያህል ምርት ሰጠ፤ የፋብሪካ ማዳበሪያ ከተደረገበትም አላነሰም፤ በብዙ ሰብል በልጦ ተገኘ። ሥራው በግብርና ቢሮዎች በኩል ወደ ሌሎች ክልሎች ተዛመተ። በ1998 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 488 ወጣ። ሱ ኤድዋርድስ በ2010፣ ዶክተር ተወልደብርሃን በ2015 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ቢለዩም፣ ያስጀመሩት ሥራ በየክልሉ የግብርና ሠራተኞች መደበኛ ሥራ ሆኖ ቀርቷል።

ጉድጓዱና ዝናቡ

እዚህ ላይ ይህ ጸሐፊ የራሱን በደል መናዘዝ አለበት። በ1990ዎቹ ዓ.ም. በኢሉባቦር በአንድ ወረዳ ወጣት የግብርና ሠራተኛ ሆኜ ስመደብ፣ የተሰጠኝ ሥራ እያንዳንዱ አባወራ የብስባሽ ጉድጓድ እንዲቆፍር ማድረግና ቁጥሩን ማስተላለፍ ነበር። መመሪያው ግልጽ ነበር፤ አንድ ሜትር ጥልቀት፣ በላዩም በጭቃ የተለሰነ ክዳን። ቆፈርን፤ ቆጠርን፤ ሪፖርቱ ከተያዘው ዕቅድ አልፎ ሄደ። በሰኔ ዝናቡ ሲበረታ ጉድጓዶቹ አንድ በአንድ በውኃ ሞሉ። ቅጠሉ ተንሳፈፈ፤ ሽታው ከርቀት ይሰማ ጀመር። አንድ ቤት ጥጃ ገብቶ ሞተ፤ ከዚያ በኋላ ልጆች ይገቡበታል ተብሎ ብዙው ተደፈነ።

ጉድጓዳቸውን ልቆጥር ከሄድኩባቸው እናቶች አንዲቱ፣ «ልጄ፣ ይህን ያስቆፈርከን ለውኃ ነው ወይስ ለፍግ?» ሲሉ ጠየቁኝ። «ለፍግ ነው፣ አዴ» አልኳቸው። መልስ ሳይሰጡ ወደ ጓሮ ይዘውኝ ሄዱ። በእንሰቱ ጥላ ሥር፣ መሬቱ ወደ አንድ ወገን ባዘነበለበት፣ ከጉልበት የማይበልጥ ክምር ነበር። በላዩ የሙዝ ቅጠል ተከድኖበታል። እጃቸውን ሰደው ከሥሩ ያወጡት ጥቁርና ፍርፍር አፈር ከዝናብ በኋላ የደን ሽታ ነበረው። «እኔ ይህን ከእናቴ ነው ያየሁት» አሉኝ። ያን ክምር በመዝገቤ ላይ አላሰፈርኩትም፤ ቅጹ የሚጠይቀው ጉድጓድ ብቻ ነበርና።

በኋላ ዘመን መጻሕፍቱን ሳገላብጥ የተረዳሁት ይበልጥ አሳፈረኝ። ጉድጓድ ዝናብ በሚያጥርበት አገር እርጥበትን ለመጠበቅ የተፈጠረ ዘዴ ነው። ሐዋርድ ራሱ በሕንድ የዝናብ ወራት ብስባሹ ከምድር በላይ እንዲከመር አስጠንቅቋል። የትግራዩም ትምህርት ዝናብ በሚበዛበት ስፍራ ክምር እንጂ ጉድጓድ እንዳይሠራ ይመክራል። ስሕተቱ ዘዴውን ካወጡት ሰዎች አልነበረም፤ ዘዴውን ከነምክንያቱ ሳይመረምር ቁጥሩን ብቻ ይዞ ከሮጠው ከእኛ ነበር። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው እንደሚባለው ሁሉ፣ ብስባሽ በእጁ ላለው ሕዝብ ብስባሽ ልናስተምር ሄደን ውኃ አስቋጠርነው።

ለመቱ የሚስማማው አሠራር

ከዚህ ልምድ ተነሥቼ፣ ለመቱ፣ ለጎሬ፣ ለሁሩሙ፣ ለያዩና ለመሳሰሉት ከተሞች የጓሮ አትክልት የሚስማማውን አሠራር በአጭሩ አቀርባለሁ።

ክምሩ ውኃ በማይቆምበት፣ በዛፍ ወይም በእንሰት ጥላ ሥር፣ ከተቻለም በሣር ዳስ ተጠልሎ ከምድር በላይ ይሠራል። ከሥሩ አየር እንዲያስገባ ወፍራም አገዳና ጭራሮ ይነጠፋል። በዚያ ላይ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ደረቅ ነገር፣ ይኸውም የበቆሎ አገዳ፣ ገለባ ወይም የቡና ገለፈት፤ ቀጥሎ የዚያኑ ያህል እርጥብ ቅጠል፤ ከዚያም ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር እበት ወይም በጠጥ ይደረጋል። ለእርጥቡ የግራዋና የብሳና ቅጠል፣ ዘር ሳይዝ የታረመ አረምም ይሆናል። በየንጣፉ ላይ ጥቂት የምድጃ አመድና ከአሮጌ ክምር የተወሰደ አፈር ይበተናል፤ አመዱ የአፈሩን ኮምጣጣነት ለማርገብ፣ አሮጌው አፈር ተሕዋስያኑን ለማጋባት ይጠቅማል። ክምሩ አንድ ሜትር ያህል እስኪደርስ ንጣፉ ይደጋገማል። በመካከሉ የሚተከለው የቀርከሃ ዘንግ ሁለት ጥቅም አለው፤ አየር ያስገባል፤ ሲነቀልም ሙቀቱንና እርጥበቱን ይናገራል። ዘንጉ ሞቆና ወዝቶ ከወጣ ሥራው ደህና ነው፤ ቀዝቅዞ ከሸተተ ውኃ በዝቶበታል፤ ደርቆ ከወጣ ውኃ ይሻል። በላዩ የሙዝ ወይም የእንሰት ቅጠል ይለብሳል። በየሦስትና በየአራት ሳምንቱ ሲገላበጥ በሦስት ወይም በአራት ወር ይደርሳል። ምስጥ በሚያስቸግርበት ቦታ ክምሩ እርጥበቱን እንዳያጣና ቶሎ ቶሎ እንዲገላበጥ ማድረግ ይገባል።

የቡና ገለፈትን ብቻውን መከመር ግን አይበጅም። በውስጡ ያለው ካፌይንና ታኒን ለመበስበስ ያዘገየዋል፤ ጥሬውን ችግኝ ላይ ማድረግም ይጎዳል። ከእበትና ከእርጥብ ቅጠል ጋር ተደባልቆ በደንብ ሲበስል ግን ከምርጦቹ ብስባሾች አንዱ ይሆናል።

መጠኑን በተመለከተ፣ 10 ሜትር በ10 ሜትር ለሆነ ጓሮ በካሬ ሜትር 5 ኪሎ ቢታሰብ 5 ኩንታል ይበቃዋል። ሁለት ሜትር ርዝመት፣ አንድ ሜትር ተኩል ስፋትና አንድ ሜትር ከፍታ ያለው ክምር ሲበስል ወደ ግማሽ ዝቅ ቢልም ይህን ፍላጎት ይሸፍናል። ለጎመንና ለሰላጣ በመደቡ ላይ ተበትኖ ከላይኛው አፈር ጋር ይደባለቃል፤ ለዱባና ለቲማቲም በየጉድጓዱ ይደረጋል። እንደ ተሰጣ ፀሐይ ላይ ማሳደር አይገባም፤ ናይትሮጅኑ ይበናልና።

እዚህ ላይ ሐቀኛ መሆን ይገባል። በአንድ ኩንታል ዩሪያ ውስጥ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለ። ከመቶ አንድ እጅ ናይትሮጅን ካለበት ብስባሽ ይህንኑ ለማግኘት ደረቅ ክብደቱ 46 ኩንታል ያስፈልጋል፤ በመጀመሪያው ዓመት የሚለቀቀውም ከፊሉ ብቻ ነው። አንድ ሄክታር የበቆሎ ማሳ በጓሮው መጠን ይዳብር ቢባል 500 ኩንታል መሸከም ሊኖር ነው። ስለዚህ ብስባሽ ለራቀው ማሳ የከረጢቱና የኖራው አጋዥ፣ ለቤቱ ጓሮ ግን ዋናው ቀለብ ነው። ይህን ልዩነት ሳይለዩ «ብስባሽ ሁሉን ይተካል» ብሎ መስበክ ገበሬውን ማታለል፣ ብስባሹንም ማዋረድ ነው።

ከተሞቹ ዛሬ

ዛሬ የመቱ፣ የበደሌና የጎሬ ቤተሰቦች ቁጥር በርክቷል፤ ጓሮው ጠብቧል፤ ከብቱ ከከተማ ወጥቷል። ከገበያ የሚተርፈው የጎመን ቅጠል፣ የሙዝ ግንጣይ፣ የአገዳ ቆረጣና የሆቴል ቤት ትራፊ ግን ከቀድሞው ይልቅ በዝቷል። ይህ ሁሉ ከገጠር በጭነት የገባ ለምነት ነው። የሚጣለው ግን ከፌስታል፣ ከጠርሙስና ከባትሪ ድንጋይ ጋር ተደባልቆ በቦይና በወንዝ ዳር ነው። ፌስታል የሌለበት የገበያ ጥራጊ ብስባሽ ይሆናል፤ ፌስታል የገባበት ግን ለጓሮ ጠንቅ ነው። መለየት ያለበትም በተጣለበት ቦታ ሳይሆን ከመጣሉ አስቀድሞ በቤትና በጉልት ነው።

የከተማ ጥራጊ ዝም ብሎ ሲከመር ምን እንደሚያስከትል አዲስ አበባ በሐዘን አይታዋለች። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከመቶ በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። መቱ ያን ያህል ክምር የላትም፤ እንዳይኖራት ማድረግ የሚቻለው ግን አሁን፣ ከተማዋ ገና ከገበሬው ጓሮ በእግር በምትደረስበት ጊዜ ነው። የመቀሸሪያ ቤቱ ገለፈት፣ የገበያው ጥራጊና በከተማው ዳርቻ የሚገኘው እበት ሦስቱም በአንድ ሰዓት መንገድ ክልል ውስጥ አሉ። ያልተገናኙት አገናኝ አጥተው ነው።

መደምደሚያ

ከዚህ ታሪክ ለሙያ ባልደረቦቼ የማቀርበው ሦስት ነገር ብቻ ነው። አንደኛ፣ የብስባሽ ሥራ በተቆፈረ ጉድጓድ ቁጥር መመዘኑ ይቅር፤ መለኪያው በመደብ ላይ የተበተነው ኩንታልና ከመደቡ የተገኘው ጎመን ይሁን። ሁለተኛ፣ ወደ አንድ መንደር ስንገባ መጀመሪያ ጓሮውን እንጠይቅ፤ የጓሮውንም ባለቤት፣ ይኸውም እናቲቱን፣ በመዝገባችን እናስፍር። ሦስተኛ፣ የኢሉባቦር ከተሞች ማዘጋጃ ቤቶች ገለፈቱንና የገበያውን ጥራጊ እንደ ቆሻሻ ሳይሆን ከገጠር እንደ ተወሰደ ብድር እንዲያዩት ሙያችን ያስረዳ።

እነዚያ እናት ዛሬ በሕይወት የሉም። በሄድኩበት ሁሉ ግን ብስባሽን በጣቴ ፈትጌ ሳሸት የማነጻጽረው ከእርሳቸው እንሰት ሥር ከወጣው ጥቁር አፈር ጋር ነው። ያን ጊዜ በቅጹ ላይ ቦታ ያጣሁለትን ክምር፣ እነሆ ዘግይቼም ቢሆን፣ በማኅበራችን መጽሔት ላይ መዘገብኩት።